እንቅልፍ ያጣ ሰው ስለራሱ የሚሰጠው ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በ2003 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ የእንቅልፍ ጥናት አለ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ጤና ካነበብኳቸው ነገሮች መካከል እንደ እሱ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ የለም። ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 38 የሆነ 48 ጤነኛ ሰዎች ቤተ ሙከራ ገብተው እዚያው እየዋሉ እያደሩ ተጠኑ። አንዱ ቡድን በየሌሊቱ 8 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆይ ተፈቀደለት፤ ሌላው 6 ሰዓት፤ ሦስተኛው 4 ሰዓት ብቻ። ይህ ለ14 ተከታታይ ሌሊት ቀጠለ። አራተኛው ቡድን ደግሞ ሦስት ሌሊት ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን አደረ። ቡና የለም፣ ሻይ የለም፣ ጥግ ይዞ ሸለብ ማድረግም የለም። ቀንም ሌሊትም የሚከታተላቸው ሰው አለ።

ነቅተው ባሉበት ጊዜ በየሁለት ሰዓቱ ይፈተናሉ። ፈተናው ለሚያየው ቀላል ነው። ተፈታኙ ባዶ የሆነ ትንሽ መስኮት ላይ አፍጥጦ ይቀመጣል። ከ2 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ፣ መስኮቱ ላይ ቁጥር ብቅ ይልና መሮጥ ይጀምራል። እንዳየ ቁልፉን ይጫናል። ቁጥሩ ይቆማል፤ የፈጀበት ጊዜ ይመዘገባል፤ መስኮቱ እንደገና ባዶ ይሆናል። ይኸው ለ10 ደቂቃ ይደጋገማል። ብልህነት አይጠይቅም፣ ትምህርት አይጠይቅም፣ በልምምድም ብዙ አይሻሻልም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እዚያ መገኘትን። ምላሹ ከግማሽ ሰከንድ ካለፈ እንደ መዘናጋት ይቆጠራል። ግማሽ ሰከንድ ምን አላት እንዳይባል፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ግማሽ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል።

8 ሰዓት የተፈቀደላቸው ሁለቱን ሳምንት ብዙም ሳይለወጡ ጨረሱ። 6 እና 4 ሰዓት የተፈቀደላቸው ግን ቀን በቀን ቁልቁል ወረዱ፤ ዛሬ ከትናንት ይብሳል፣ ነገ ከዛሬ። ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ፣ እንደ ፈተናው ዓይነት፣ አንድ ሌሊት ወይም እስከ ሁለት ሌሊት ጭራሽ ያልተኛ ሰው የሚያመጣውን ውጤት ያመጡ ነበር። ልብ በሉ፣ 6 ሰዓት የሚተኛ ሰው ብርቅ ሰው አይደለም። እኔ ከማውቃቸው ሠራተኞች፣ ተማሪዎችና እናቶች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው፤ ከዚያም በታች የሚተኙ አሉ።

የደነቀኝ ግን ይህ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት ሰውን እንደሚያደክም ማን ያጣዋል? ተመራማሪዎቹ ከፈተናው ጎን ለጎን «ምን ያህል እንቅልፍ ይጫንሃል?» እያሉም ይጠይቋቸው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ሰዎቹ ድካሙ እየጨመረባቸው እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ መልሳቸው ባለበት ቆመ ማለት ይቻላል። ችሎታቸው እየወረደ፣ ስሜታቸው ግን ቆመ። ሁለት ሌሊት እንዳልተኛ ሰው እየተዘናጉ፣ ሲጠየቁ ትንሽ ከመጫጫን በቀር ደህና እንደሆኑ ይመልሱ ነበር።

አልዋሹም። የተሰማቸውን ነው የተናገሩት። መለኪያው ራሱ ነው የደከመው፤ የደከመ አእምሮ ምን ያህል እንደደከመ እንዲፈርድ ሲጠየቅ፣ ፍርዱን የሚሰጠው ያው በደከመው አእምሮ ነው።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሰዎች «ለምጄዋለሁ» ሲሉኝ ጆሮዬ ይቆማል። ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ማታ ፓርኪንግ ትሠራለች፤ ጠዋት ከዚያ ወጥታ አዛውንት ወደምትንከባከብበት ቤት ትሄዳለች። በመሃል ልጆች አሉ፣ ምግብ አለ፣ እዚህ ላለነው የሚላክ ገንዘብ አለ። ስንደዋወል ትልቁ ስጋቴ መንገዱ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ነቅታ ጠዋት ሃይዌይ ላይ ትነዳለች። እሷ ግን «ተው ባክህ ወንድሜ፣ እኔ እኮ ለምጄዋለሁ፤ አራት ሰዓት ካገኘሁ ይበቃኛል» ትለኛለች። በድምጿ ውስጥ ማስመሰል የለም፤ ከልቧ ነው። ሆስፒታል ዱቲ የሚያድሩ ሐኪሞችና ነርሶችም፣ ለፋይናል ሳይተኙ የሚያድሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም፣ ከጅቡቲ መስመር ጭነው የሚመጡ ሾፌሮችም ይህንኑ ይላሉ። ሰውነት የሚለምደው ስሜቱን ነው፤ ጉድለቱ ግን አይለመድም።

ሰው እንዲህ ሲሆን አንጎሉ ውስጥ ምን እንደሚፈጠር በከፊል ታይቷል። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚታከሙ 12 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎችን ተከታትሏል። ከቀዶ ሕክምና በፊት በሽታው ከየት እንደሚነሳ ለማወቅ አንጎላቸው ውስጥ ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች ተተክለው ነበር፤ ስለዚህ የእያንዳንዷን ሕዋስ ሥራ በቀጥታ ማዳመጥ ተቻለ። ሥዕል እያዩ ምን እንደሆነ ቶሎ እንዲለዩ ተጠየቁ። እንቅልፍ ባጡ ጊዜ ሕዋሶቹ ዘግይተውና ተዳክመው መለሱ። ከዚያም በላይ ሰውየው ዓይኑን ገልጦ፣ ተቀምጦ፣ ጥያቄ እየመለሰ ሳለ፣ አንዳንድ የአንጎሉ ክፍል በእንቅልፍ ጊዜ የሚታየውን ዝግ ያለ ሞገድ ያሳይ ነበር። ሰውየው ነቅቷል፤ ከአንጎሉ አንዱ ክፍል ግን ተኝቷል። ቀደም ብሎ በ2011 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ እንዲሁ በአይጦች ላይ ታይቶ ነበር። የሚያየው ሰው «ነቅታለች» የሚላት አይጥ፣ በየመሃሉ አንዳንድ ሕዋሶቿ ለቅጽበት ጸጥ ይላሉ፤ ያ ጸጥታ እግሯን ሰንዝራ ምግብ ከምትይዝበት ቅጽበት ጋር ከገጠመ ትስታለች።

ሾፌር «ዓይኔን አልጨፈንኩም፣ መኪናው ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ፤ ከአንድ ሰው ብቻም አይደለም። አሁን አምናቸዋለሁ።

ከመጠጥ ጋር የተደረገ ንጽጽርም አለ። በ1997 አውስትራሊያ ውስጥ ዳውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው እጁንና ዓይኑን የማስተባበር ችሎታው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ 0.10 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ሰው 17ኛው ሰዓቱ የሚሞላው ማታ 5 ሰዓት ላይ ነው። ከሠርግ፣ ከለቅሶ ወይም ከሥራ አምሽቶ በዚያ ሰዓት መሪ የሚይዘው ስንቱ ነው። ጠጥቶ የሚነዳን ሰው ቁልፍ እንቀማለን። ሳይተኛ የሚነዳውን ግን «ጎበዝ፣ ታታሪ ነው» እንለዋለን።

«ቅዳሜና እሑድ እከፍለዋለሁ» የሚባለውም የሚያዛልቅ አልሆነም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚገኘው (ያ ግማሹ ሰው አማርኛ የሚናገርበት የሚመስለው ከተማ) የዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት የምርምር ተቋም በ2003 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎችን ለአንድ ሳምንት በየሌሊቱ 3፣ 5፣ 7 ወይም 9 ሰዓት አስተኝቶ ከዚያ ለሁሉም ሦስት ሌሊት 8 ሰዓት ሰጣቸው። እንቅልፋቸው ተቀንሶ የነበሩት ከሦስቱ ሌሊት በኋላም ወደ መጀመሪያ ብቃታቸው አልተመለሱም ነበር።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ እኛ ዘንድ ይህን ሁሉ የሚሸፍነው እሱ ነውና።

እናቴ ቤት ቡና የሚፈላው ብዙ ጊዜ 11 ሰዓት ገደማ፣ ሰው ከሥራ ሲመለስ ነው። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ቡናው ይቆላል፣ ጢሱ በየሰዉ አፍንጫ ዞሮ ይሸተታል፣ ጀበናው እስኪንተከተክ ስለ ጎረቤቱ ሁሉ ይወራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። እስከ በረካ የሚቆይ ሰው ሲነሳ መሽቷል። ከመካከላችን አንዷ ሁሌም «እኔን ቡና እንቅልፍ አይነሳኝም፤ እንዲያውም ጠጥቼ ነው የምተኛው» ትላለች። ሌላዋ ጠዋት ካልጠጣች ራሷን ፍልጥ እንደሚያደርጋት ትናገራለች። ሁለቱም የሚሰማቸውን ነው የሚናገሩት፤ የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው።

ከነቃንበት ደቂቃ ጀምሮ አንጎላችን ውስጥ አደኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። ሕዋሶች ጉልበት ሲያወጡ የሚፈጠር ነው። ሲበዛ ለእሱ በተዘጋጁ ተቀባዮች ላይ ይሰካና አንጎልን «በቃህ፣ ተኛ» ይላል። የካፌይን ቅርጽ ከአደኖሲን ጋር ስለሚመሳሰል በእነዚያው ተቀባዮች ላይ ይሰካል፤ ግን ምንም አይናገርም፤ ቦታ ብቻ ይይዛል። በሥራ መውጫ ሰዓት መገናኛ ላይ እንደቆመ ሚኒባስ ነው፦ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፣ ውጪ ያለው ሰልፍ ግን እየረዘመ ነው። ካፌይን ከወንበሩ ሲነሳ ያ ሁሉ አደኖሲን በአንዴ ይገባል። ቡና ድካምን አያጠፋም ማለት ነው፤ የድካሙን መልእክት ነው የሚያስቀረው። በየቀኑ ሲጠጣ አንጎል ተጨማሪ ተቀባዮችን ያበጃል፤ ጠዋት የሚመጣው ሐራራና ራስ ምታትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ካፌይን ግማሹ ከደም እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይም ሩቡ ገና አልወጣም። በእርግጥ ሰው ከሰው ይለያያል። ጉበት ውስጥ ካፌይንን የሚያፈርሰው ኢንዛይም በአንዱ ሰው ፈጣን፣ በሌላው ዘገምተኛ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቶሎ ያስወጣዋል፤ የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት ውስጥ በእጥፍ ያህል ይቆያል፤ በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ደግሞ እስከ 15 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። እርጉዝ ሴትን ቡና ከወትሮው ይልቅ እንቅልፍ ቢነሳት ያለ ምክንያት አይደለም።

«ጠጥቼ ነው የምተኛው» ለምትለው ግን ዲትሮይት ውስጥ ተሠርቶ በ2013 የታተመውን ጥናት ባስነበብኳት ደስ ይለኝ ነበር። ለተሳታፊዎቹ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ተሰጣቸው፤ ብዙ ነው፣ በትልቅ ኩባያ አራት ያህል ቡና ውስጥ የሚገኝ። አንዳንዴ ልክ ሲተኙ፣ አንዳንዴ ከመተኛታቸው 3 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ አንዳንዴም 6 ሰዓት ቀደም ብሎ። 6 ሰዓት ቀደም ብሎ የተወሰደው እንኳ ከእንቅልፋቸው ከአንድ ሰዓት በላይ እንደቀነሰ መሣሪያው አሳየ። እነሱ ራሳቸው ጠዋት ጠዋት የሚሞሉት የእንቅልፍ ማስታወሻ ግን ይህን ጉድለት በቅጡ አላሳየም። እዚህም ምስክሩ ተኝቶ ነበርና ያላየውን ሊመሰክር አልቻለም። እንቅልፍ ወሰደኝ ማለት በደንብ ተኛሁ ማለት አይደለም።

ይህን የምጽፈው ቡና እንዳይጠጣ አይደለም። በዚያ ሰዓት የሚሰበሰበው ሰው፣ ወሬው፣ መጠያየቁ ራሱ ለጤና ከቡናው የሚበልጥ ነገር አለው፤ ያ እንዲቀር አልሻም። ሥርዓቱን ወደ እኩለ ቀን ማምጣት ግን ይቻላል፤ የእናቴም ቤት ቅዳሜና እሑድ እንደዚያ ሆኗል።

ጉንፋንን በአጭሩ ልጥቀስ። በ2015 የታተመ ጥናት 164 ጤነኛ ሰዎችን ለአንድ ሳምንት እጃቸው ላይ በታሰረ መሣሪያ እንቅልፋቸውን ለካ፤ ከዚያ የጉንፋን ቫይረስ ያለበት ጠብታ አፍንጫቸው ውስጥ ተደረገና ሆቴል ውስጥ ተለይተው ቆዩ። ሁሉም ያገኙት ያው ቫይረስ ነው። በሌሊት ከ6 ሰዓት በታች የተኙት ከ7 ሰዓት በላይ ከተኙት ጋር ሲነጻጸሩ በጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ከ4 እጥፍ በላይ ነበር። ብርድ መታኝ ከማለታችን በፊት ያለፈውን ሳምንት እንዴት እንደተኛን ብናስብ መልካም ነው።

በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዞረው «አንጎል በእንቅልፍ ጊዜ ቆሻሻውን ያጥባል» የሚለው ዜና ግን እንደሚነገረው የተቋጨ አይደለም። መነሻው በ2013 በአይጦች ላይ የተደረገ፣ ውብም የሆነ ጥናት ነው። በ2024 የታተመ ሌላ የአይጥ ጥናት ግን በእንቅልፍና በማደንዘዣ ጊዜ ማጽዳቱ እንዲያውም ቀንሶ እንዳገኘው ዘግቧል። ክርክሩ ቀጥሏል። የእንቅልፍን ጥቅም ለማስረዳት ገና ያልጸና ነገር መጥቀስ አያስፈልግም፤ የጸናው ብዙ ነውና።

8 ሰዓትም ቢሆን የተቀደሰ ቁጥር አይደለም። ታንዛኒያ ያሉ ሃድዛዎችን፣ የደቡባዊ አፍሪካ ሳኖችንና የቦሊቪያ ጺማኔዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳተሙት፣ መብራት በሌለበት የሚኖሩት እነዚህ ሰዎች በእንቅልፍ የሚያሳልፉት በአማካይ ከ6 እስከ 7 ሰዓት አካባቢ ነው። አልጋ ላይ የሚቆዩት ግን ከዚያ ይረዝማል፤ እንቅልፍ እምቢ የሚለው ሰውም በመካከላቸው ጥቂት ነው። በተፈጥሮ ትንሽ ተኝተው የሚበቃቸው ሰዎችም አሉ፤ በ2009 አንዲት እናትና ልጇ ላይ የዚህ ምክንያት የሆነ የዘር ለውጥ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው ሰው ግን በጣም ጥቂት ነው፤ «እኔ ከእነሱ ነኝ» የሚለው ደግሞ በጣም ብዙ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና ማኅበራት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጡት 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚል ነው።

ይህን ሁሉ ሲያነብ የሚጨነቅ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ አልጋው ላይ በጊዜ ወጥቶ፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር። የምለው ለእሱ አይደለም። ለእሱ ምርምሩ ያለው ዜና ተቃራኒና የሚያጽናና ነው። እንቅልፍ እምቢ የሚላቸው ብዙ ሰዎች መሣሪያ ሲለካቸው ከሚያስቡት በላይ ተኝተው ይገኛሉ፤ «ዓይኔን ሳልከድን ነጋ» ያለው ሰው ጥቂት የማይባል ሰዓት ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ምስክርነቱ በሁለቱም በኩል ይስታል፦ በሥራ ብዛት የተነፈገው ያነሰውን አያውቅም፣ በጭንቀት የሚገላበጠው ያገኘውን አያውቅም። ለኋለኛው በ2016 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ መጀመሪያ እንዲሞከር የመከረው ክኒን ሳይሆን፣ ሰው ከአልጋውና ከሐሳቡ ጋር ያለውን ልማድ የሚያስተካክል የሥነ ልቦና ሕክምና ነው።

እንቅልፍ ማጣቱ ምርጫቸው ያልሆነም አሉ። ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን እንግዳው ሁሉ እስኪሸኝ ቆመው አምሽተው፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ጎሕ ሳይቀድ ይነሳሉ። ዓለም አቀፉ የቤት ሠራተኞች ስምምነት በ2011 ሲወጣ ቢያንስ በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር ደንግጓል። ለእነሱ «በጊዜ ተኚ» ማለት ምክር አይሆንም። መጠየቅ ያለበት አሠሪው ነው፣ ውሉ ነው፣ ኤጀንሲው ነው። ሹፌሩንም በሌሊት ጭነት አድርስ ብሎ የሚቀጥረው፣ ሐኪሙን ሳይተኛ እንዲያክም የሚመድበው ሰው «እነሱ ለምደውታል» ማለት የለበትም፤ ይህን በትክክል ሊያውቁ የማይችሉት እነሱው ናቸውና።

ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላ ሰው ነው። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ረዳት መኪናው መስመር ሲለቅ ያያል፤ ሾፌሩ አያይም። ሚስት ባሏ አንድ ጥያቄ ሁለቴ ሲጠይቅ ትሰማለች። ዱቲ ተረካቢው የወጪውን ሐኪም ትእዛዝ ደግሞ ያነባል። ረዳቱ «ጋሼ፣ እስቲ ዳር ይዘን ትንሽ እንተኛ» ሲል መሰደብ የለበትም። የናሳ ተመራማሪዎች የረጅም በረራ አብራሪዎች በየተራ የ40 ደቂቃ ዕረፍት እንዲያገኙ ሲያደርጉ፣ በአማካይ የተኙት 26 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ያችም ንቃታቸውን በሚለካ መጠን አሻሽላለች።

የአክስቴን ልጅ «ደክሞሻል ወይ?» ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። ትናንት ስንት ሰዓት ጋደም እንዳለች፣ ስንት ሰዓት እንደተነሳች ነው የምጠይቃት። ቁጥሩ ከአምስት በታች ከሆነ በዚያ ጠዋት እንዳትነዳ እለምናታለሁ፤ አንዳንዴ እሺ ብላ ባቡር ትይዛለች፣ አንዳንዴ ትቆጣኛለች። ስትቆጣኝም ያው መጠየቄን አልተውኩም።